አያ ደርሶና መካከሉ ያልተሰፋው ጋቢ

ባለፈው ጥቅምት ለልጅ ልጄ ሠርግ ጋቢ ልገዛ ንፋስ መውጫ ከአንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ገና ልጅ እግር ናት። አንዱን ጋቢ ዘርግታ ስታሳየኝ እጄ ሳላዘው ወደ መካከሉ ሄዶ መጋጠሚያውን መፈለግ ጀመረ። የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ጋቢ ማለት ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው፤ መካከሉ ላይ ከራስ እስከ ግርጌ የሚወርድ እንደ ጠባሳ ያለ መስመር አለው። ልጆች ሳለን ያንን መስመር በጣታችን እየዳበስን ነበር እንቅልፍ የሚወስደን። የዚህኛው መካከል ግን ልስልስ ያለ ነበር።

«እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ።

«መጋጠሚያው የታለ?»

«የለውም እኮ! የፋብሪካ ነው፤ ወጥ ነው» ብላ ሳቀች።

ጋቢውን መለስኩላትና ከደጃፉ ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ደም ብዛት የተነሳብኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ። ውኃውን ጠጣሁ፤ የሆነውን ግን ልነግራት አልቻልኩም። ያን ዓይነት ጋቢ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ጋቢው የፋብሪካ አልነበረም፤ ከሠሩት እግሮች ሁለቱ የእኔ ነበሩ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። መንደራችን ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ብርዳማ አገር ነበር። አባቴ እዚያው ጋይንት ካለው ቤተ ልሔም ወርዶ ድጓ ተምሮ የተመለሰ የደብሩ መሪጌታ ነበር። እናቴ ደግሞ በፈትሏ የታወቀች ነበረች። ነጋዴ ከዓባይ በረሃ ጥጥ ይዞ ሲወጣ ትገዛና ክረምቱን ሙሉ ትፈትላለች፤ እንዝርቷ ጭኗ ላይ ሲሽከረከር የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ክሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነበር። ሴቶቹ «የመሪጌታ ሚስት ፈትል እንደ ቃሏ ነው፤ አይወፍር፣ አይቀጥን» ይሏታል። በዚያ ዓመት ግን ለሌላ ሰው ብላ አልነበረም የፈተለችው። ሁለት ልጆች በተከታታይ ቀብራ የተረፍናት እኔና ወንድሜ ማንደፍሮ ነበርን፤ እሱ አራት ዓመቱ ነው። ሦስታችንም ከሥሩ የምንተኛበት ሰፊ ጋቢ ነበር ያሰበችው።

የመንደሩ ሸማኔ ደርሶ ይባሉ ነበር። ይባሉ ነበር የምለው ዛሬ ነው። ያኔ ትልቁም ትንሹም፣ ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ሳይቀር፣ «አንተ ደርሶ» ነበር የሚላቸው። ከኋላቸው ደግሞ በሸማኔ ስድብ «ቁጢት በጣሽ» ይባላሉ። ከዚያ የባሰውን ስም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠራው፤ ቡዳ ይሏቸው ነበር። ከእስቴ በኩል ከሚስታቸው ጋር መጡ፤ ሚስታቸው ሞተችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ በታች፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም። መንደሩ በሙሉ የሚለብሰው የእሳቸውን ሥራ ነበር፤ አባቴ ማኅሌት የሚቆምበት ኩታ ሳይቀር የእጃቸው ነው። የሠሩትን ለብሰን ነበር የምንፈራቸው።

በዚያን ጊዜ ክር የሰጠ ቤት ቀሰም የሚጠቀልል ሰውም አብሮ ይልካል። ቀሰም ማለት ክር የሚጠቀለልባት፣ ከመወርወሪያው ሆድ የምትገባ አጭር ሸምበቆ ናት። ከገና በኋላ እናቴ ልቃቂቶቹን በቁና ሞልታ እኔን ላከችኝ። እሷ ባቄላ ስለምትወቃ ማንደፍሮንም በጀርባዬ አሳዘለችኝ። ከበር ሳልወጣ ትከሻዬን ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «ከቤቱ እህል እንዳትቀምሺ። ልጁ ተከናንቦ ይቀመጥ፤ ፊቱን እንዳያይብሽ።»

የአያ ደርሶ ቤት የጥጥ ብናኝና የእርጥብ አፈር ይሸት ነበር። ከበሩ አጠገብ እስከ ጉልበት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ከአፉ ቁጭ ብለው እግራቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። ከጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ በእግር አውራ ጣትና በሚቀጥለው ጣት መካከል ይያዛሉ። አንዱን ሲረግጡት ግማሹ ድር ይነሳል፤ ሌላውን ሲረግጡት ግማሹ ይወርዳል፤ መወርወሪያው በመካከል ሽው ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከግድግዳው ተለጥፌ፣ ወንድሜን ከኋላዬ ሸሽጌ፣ ቀሰም ብቻ እየጠቀለልኩ ቆየሁ። እሳቸውም አላናገሩኝ፤ እንደምፈራቸው ያውቁ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሥራቸውን አቁመው በሁለት ጣታቸው ክር ወደ ብርሃን ዘረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ስንት ነው?»

«ሁለት ነው» አልኩ።

«እኔ አንድ ነው የሚታየኝ» አሉና ክሩን ዝቅ አደረጉት። ቀጥለውም፣ «ጋቢ ለምን መካከሉ እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። መወርወሪያ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ልብስ ከክንድ ሊሰፋ አይችልም፤ ሁለት ወርድ ተሠርቶ በመርፌ ይጋጠማል። አባታቸው ግን አንድ ጊዜ፣ እሳቸው ሕፃን ሆነው፣ ሁለቱን ወርድ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ በአንድ ላይ ሲሠራ አይተውታል። ሳያስተምራቸው ሞተ። ሲያስቡት፣ ሲሞክሩት፣ ሲያበላሹት ኖረው አሁን ገና መንገዱ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ቀድሟቸው አረጀ።

«የአባትሽን መጽሐፍ አስቢ» አሉኝ። «ሲዘጋ ጠባብ ነው፤ ሲገለጥ እጥፍ ይሆናል። በአንድ ጎኑ የተያያዘ ነው፣ በአንድ ጎኑ ክፍት። ይህም እንደዚያ ነው። የላዩን ወርድ እያየሽ ትሠሪዋለሽ፤ የታቹን ግን ተቆርጦ እስኪገለጥ ድረስ አታዪውም። በልብሽ ነው የምትሠሪው። እንዲህ ያለ ሥራ በመጥፎ ፈትል አይሞከርም። የእናትሽን ፈትል ያገኘሁት አሁን ነው፤ ድሩን የሚያስገባልኝ ዓይን ደግሞ የለኝም።»

«እኔ አስገባዋለሁ» አልኩ። ማን እንዳናገረኝ አላውቅም።

ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያውስ ለእናትሽ አትንገሪያት። ሲያልቅ ገልጠን እናስደንቃታለን።»

ድሩን ለማስገባት ብዙ ቀን ፈጀብን። እሳቸው አራት መደዳ የክር ቀለበቶች አዘጋጅተው ነበር፤ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ክር በየተራው ቀለበት አሾልከዋለሁ። አንዲት ቀለበት ከተዘለለች ሁሉም ይበላሻል። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። በሁለቱ ገመድ ፈንታ አሁን አራት ገመድ ነው፤ በየእግሩ ሁለት ሁለት። ቅደም ተከተሉን በቃል አስያዙኝ፤ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ላይ። አባቴ ተማሪዎቹን ዜማ ሲያስጠና እንደምሰማው፣ እያዜምኩ በቃሌ ያዝኩት። እሳቸው ሲሠሩ እኔ እጠራላቸዋለሁ፤ «ላይ! ታች! ታች! ላይ!» ማንደፍሮም ከጥግ ሆኖ ይጮኻል፤ «ታች! ታች!»

አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው ከጉድጓዱ ወጡና፣ «ግቢ እስቲ» አሉኝ።

«ሴት ከዚህ ትገባለች እንዴ?» አልኩ። የምንሰማው ሌላ ነበር፤ ከሸማኔ ጉድጓድ የገባች ሴት ማህፀኗ ይቋጠራል፣ አትወልድም፣ ይባል ነበር።

«ፈትሉ የሴት ነው፣ ልብሱ የሴት ነው፤ ጉድጓዱ ብቻ ነው የወንድ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ገባሁ። ገመዱ በእግር ጣቶቼ መካከል ሲያዝ ይቆጠቁጣል። መጀመሪያ ቀን ደማሁ፤ በሳምንቱ ቆዳው ጠነከረ። እግሬ ሲወርድ ድሩ እንደ አፍ ሲከፈት፣ መወርወሪያው ከዚህኛው እጄ ወጥቶ ወደዚያኛው ሲገባ፣ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በኋላ የትም አላገኘሁትም። እዚያ ቤት «አያ» እላቸዋለሁ፣ አንቱ እላቸዋለሁ። ሽቅብ ወጥቼ ከመንደሩ ስደርስ ግን እንደማንኛውም ሰው «ደርሶ» ነበሩ። ሁለቱንም ያለ ችግር እለው ነበር፤ ልጅ እንዲህ ነው።

አንድ ረፋድ ውኃ ሊቀዱ ወንዝ ወረዱ፤ እኔ ሥራው ላይ ቀረሁ። ማንደፍሮ ልቃቂቱን አንከባሎ ወደ ጓሮ ሊያወጣው ሲሮጥ፣ እኔ ከጉድጓዱ ሳልወጣ እየተቆጣሁት፣ በዚያውም እየረገጥኩ፣ ተራው ጠፋብኝ። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች እያልኩ ስንት እንደሠራሁ አላውቅም። ሲገባኝ ቆምኩ። የላዩን አየሁት፤ ምንም አይልም፣ ያምራል። ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ትክክለኛውን ተራ ቀጠልኩ። አያ ደርሶ ሲመለሱ ማንደፍሮ መከናነቢያውን ጥሎ ከደጅ ሮጦ ጉልበታቸውን አቀፈው። ውኃውን አስቀመጡና ራሱን ዳበሱት። «ይህን የመሰለ ልጅ! ጤና ይስጥህ፣ እግዜር ያሳድግህ!» አሉት። የእናቴ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ፊቱን አዩት።

ከአራት ቀን በኋላ ማንደፍሮ ታመመ። እንደ እሳት ይነድዳል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ዓይኑ ይገለበጣል። ዛሬ ሳስበው ሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ግን ሐኪም በዚያ አገር የለም፤ የነበሩት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ናቸው። ገና ሲያዩት፣ «ይህማ ተበልቷል» አሉ። ጢስ አጨሱለት፤ ከጢሱ ላይ ይዘው «ለፍልፍ! ማን በላህ? የት አገኘህ?» እያሉ ጮኹበት። ወንድሜ አፉን መክፈት እንኳ አቅቶታል። የእናቴ ፊት ቀድሞ ሁለቱን ልጆቿን ስትቀብር የነበራትን ፊት መስሎ ነበር። እማማ ብርቄ ሕፃኑ እንደማይናገር ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። አባቴ ዳዊቱን ይዞ ከጥግ ቆሟል። አጎቴ ይመር ዱላውን ተደግፎ ከበሩ ላይ ነው። ሁሉም ያየኛል።

«ደርሶ ልጁን አይቶታል?» አሉኝ።

«አይቶታል።»

«ምን አለው?»

«ይህን የመሰለ ልጅ አለው።»

እናቴ ጮኸች። እማማ ብርቄ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት። «ለአንቺስ ምን አለሽ? አትፍሪ ልጄ።»

የምናገረው እውነት ነበር፤ ከልቤ እምላለሁ፤ አንዲት ውሸት አልተናገርኩም። «ለእናትሽ አትንገሪያት አለኝ» አልኩ።

«ምኑን?»

ምኑን! ጋቢውን ብል፣ ምን ዓይነት ጋቢ ሊሉኝ ነው። እንዲህ ያለ ጋቢ ብል፣ አንቺ በምን አወቅሽ ሊሉኝ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ ይመጣል፣ እግሬ ይመጣል፣ የመሪጌታ ልጅ ከሸማኔ ጉድጓድ ገባች ይባላል። እግሬን ከቀሚሴ ሥር ሰበሰብኩና ዝም አልኩ። ስንት ጊዜ እንደጠየቁኝ አላስታውስም። ዝም አልኩ። አጎቴ ይመር ዱላውን አንስቶ ወጣ፤ ሌሎቹ ወንዶች ተከተሉት።

ያኔ የእኔ ዘመን ሰው እንደሚያውቀው፣ በላ የተባለ ሰው ተይዞ ይመጣና በታመመው ላይ እንዲተፋ ይደረጋል። አያ ደርሶን እኩለ ቀን ላይ አመጧቸው። ነጠላቸው ተቀዷል፤ ግንባራቸው ላይ ደም አለ። ከእግር ጣታቸው መካከል የክር ብጥስጣሽ ነበር፤ ከጉድጓዱ ነው ጎትተው ያወጧቸው።

«ልጅቷን አትንገሪ ያልካት ምንድን ነው?» አላቸው ይመር።

አያ ደርሶ ቀና ብለው ፈለጉኝ። ከምሰሶው ኋላ ነበርኩ። በዚያ በደከመ ዓይናቸው ይዩኝ አይዩኝ አላውቅም፤ ፊታቸው ግን ወደ እኔ ዞሮ ቆመ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢናገሩ ኖሮ ይድኑ ነበር፤ ቢያንስ አባቴ ይሰማቸው ነበር።

«ልጅ ናት» አሉ። «ልጅ የሰማውን ሁሉ አይረዳም። እሷን ተዉአት።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «መሪጌታ፣ እኔ ልጅዎን አልበላሁም። ግን የሚድን ከመሰላችሁ ልትፋበት።»

ተንበረከኩ። እጃቸውን ከወንድሜ ራስ ላይ ጫኑ። ሰው ሁሉ ይጮኽ ስለነበር ያሉትን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምሰሶው ከመኝታው አጠገብ ነበርና። «እግዜር ይማርህ ልጄ። እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉበት። ሽማግሌ ሲመርቅ እንደሚለው ነው። ሌላው የሰማው ምራቁን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማንደፍሮ አላበውና በሶ ስጡኝ አለ። መንደሩ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ወንድሜ ነው። እልልታው ሳያልቅ ግን የመዳኑ ትርጉም ገባኝ። ደርሶ ሲተፋበት ከዳነ፣ የበላው እሱ ነው ማለት ነው። ቢሞት ኖሮ ምናልባት የሚጠራጠር ሰው ይገኝ ነበር። ወንድሜ በመዳኑ አያ ደርሶ ተፈረደባቸው።

ወንዶቹ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወረዱ። እናቴ ክሯን ልታስመልስ ተከተለች፤ እኔም ተከተልኳት። አባቴ ከኋላ መጣ። አያ ደርሶ ጥቅላቸውን ይዘው ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንደሚባረሩ አውቀዋል። ይመር ከውስጥ ገብቶ ሸማውን በማጭድ ቆርጦ አወጣውና ከሣሩ ላይ ጣለው። እናቴ ጫፉን ይዛ ስትስበው ተገለጠ።

ሁለት እጥፍ ሆኖ ተዘረጋ። ነጭ፣ ሰፊ፣ መካከሉ ላይ አንድም መርፌ ያልነካው። ጀንበሯ አረፈችበት። እናቴ በጉልበቷ ወርዳ መካከሉን ዳበሰች፤ ፈትሏን ታውቀዋለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ ከፍርሃት በፊት የመጣ ሌላ ነገር ነበር። ይደንቃታል ብለው አልነበር? ደነቃት።

ከአንድ ስንዝር ላይ ሲደርስ ግን አልገለጥ አለ። ክፍት መሆን የነበረበት ጠርዝ ተዘግቷል፤ የላይኛውና የታችኛው ተያይዘዋል። እማማ ብርቄ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«እዩት! ያለ መርፌ የሰፋው ማን ነው? ልጁን የቋጠረው እዚህ ላይ ነው!»

እኔ ግን አወቅሁት። ልቃቂቱ የተንከባለለ ቀን ነው። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች። በዚያች ሰዓት አፌን ብከፍት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ። አልከፈትኩትም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ያንን ጠርዝ በጣቱ አየው፤ ክሩ ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚዞር አገላብጦ ተመለከተ። ቀና ሲል ዓይኑ ወደ እግሬ ሄደ። ጣቶቼን አጠፍኳቸው።

«አንዴ ልዳብሰው» አሉ አያ ደርሶ ከድንጋዩ ላይ ሆነው። «ተገልጦ አላየሁትም።»

ይመር ሊከለክላቸው ሲል አባቴ፣ «ይዳብሰው» አለ። ያን ቀን የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

እየዳበሱ መጡ። መዳፋቸው መካከሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደ። «ወጥ ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ እጃቸው በጠርዙ ላይ እየተጓዘ ከዚያች ስንዝር ደረሰና ቆመ። አውቀዋል። የማን እግር እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ጣታቸው ትንሽ ቆይቶ አለፋት። ተነሡና ጥቅላቸውን ተሸከሙ፤ በእስቴ መንገድ ሄዱ። እናቴ «ልጄ ይበልጥብኛል» ብላ ጋቢውን ተወችው። ወንዶቹ ከመሸመኛው እንጨት ጋር ከጉድጓዱ ጨምረው አፈር መለሱበት።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን አባቴ ዳዊት ሲያስነብበኝ አቋረጠኝ። ከመጽሐፉ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ያቺ ስንዝር የሰይጣን ሥራ አይደለችም። የእግር ስህተት ናት» አለኝ። «ያኔ ተናግሬ ቢሆን አንቺን ይጠይቁሽ ነበር» አለ። ከዚያ «ቀጥዪ» አለኝ፤ ቀጠልኩ። እስኪሞት ድረስ ሁለተኛ አላነሳነውም።

በአሥራ አራት ዓመቴ ስማዳ ተዳርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ሞቶ ሲወለድ ሴቶቹ ምክንያቱን ሲፈላለጉ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ምክንያቱ ጉድጓዱ ነው ብዬ አልነበረም። ያ ወደ ምሰሶው ዞሮ የቆመ ፊት ነበር የሚታየኝ። ብዙ ዓመት አልፎ፣ ዘመኑም ተለውጦ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ የምሄድበት ጉዳይ ሲገኝ በገበያ ሸማኔዎቹን እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ አወቋቸው። እዚያ ተመልሰው ጥቂት ሠርተዋል፤ ከዚያ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፋ፤ ሰው ቤት ቀሰም እየጠቀለሉ ኖረው አርፈዋል።

«ስለ ጋይንት ያወሩ ነበር?» አልኩ።

«ያወራ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ጋይንት አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ከእኔ የተሻለች ናት፤ ይኸኔ ትሸምናለች ይል ነበር። ሴት ናት ስንለው ይቆጣል። አንቺ ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አልኩ።

ዛሬ ሁሉ ነገር ሌላ ሆኗል። በከተማው ወጣት ሴቶች ሲሸምኑ አይቻለሁ፤ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ሕፃን ሲታመም ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ መርፌ ይወጋል፤ በማግስቱ ይሮጣል። አሁን ልጆች ብርድ ልብስ ደርበው ስለሚተኙ የጋቢን መስመር የሚዳብስ የለም። ያ ዘመን ይናፍቀኛል፤ የእናቴ እንዝርት፣ የአባቴ ዜማ፣ የባቄላው ገለባ ሽታ። ግን ናፍቆቴ ያለ እሳቸው ፊት መጥቶ አያውቅም።

ማንደፍሮ አድጎ፣ ተመንድጎ፣ አያት ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት የሚወዳት ወሬ፣ «እኔ ሕፃን ሆኜ ቡዳ በልቶኝ ነበር» የምትል ነበረች። እየሳቀ ነበር የሚያወራት፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከዚያ ሱቅ በተመለስኩ ሳምንት ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ጉድጓዱን፣ ስንዝሯን፣ ዝምታዬን።

«እታለም፣ ሲተፉብኝ ምን አሉኝ አልሽ?» አለኝ።

ደግሜ ነገርኩት። ራሱን በመዳፉ ይዞ አቀረቀረ።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ የልጅ ልጁ፣ «አባባ፣ ቡዳ የበላህን ንገረን» አለው። ማንደፍሮ ወደ እኔ አላየም። «ቡዳ አልበላኝም» አለው። «ታምሜ ነበር፤ አንድ ደግ ሸማኔ መረቁኝና አደግሁ።» ልጁ ወሬው ስላጠረበት ቅር ብሎት ሊጫወት ወጣ። እኔ ተቀምጬ ስሜን ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠራውም። እንደ አያ ደርሶ፣ እንደ አባቴ፣ እሱም ስለ እኔ ዝም አለልኝ። ስለዚህ እኔው ጻፍኩት።